መሬት የማይነካ ድንጋይ

ጉም ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ መካነ ሰላምን ባለበሳት ቁጥር እትዬ ዘሊካ የበርበሬ ጆንያዋን አፍ እየጠቀለለች ያንኑ ወሬ ታነሣለች።

«የሚካኤል ድንጋይ ድምፁ አልሞተም። ድንጋዩ ሲሰበር ድምፁ ወጥቶ ቆላ ወረደ። እንዲህ ጉም ሲሆን ተመልሶ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ይዞራል። በሩን ግን አያገኘውም።»

«በሩ ዘንድሮ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል» ትላለች ንግሥቴ ከብየዳዋ ቀና ሳትል። «ዕውር ካልሆነ ያየዋል።»

«ድምፅ ዓይን አለው እንዴ አንቺ? ወላሂ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።»

«አንቺ በጆሮሽ ያልሰማሽው ምን አለ እትዬ።»

የሁለቱን ሱቅ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። በወዲያ በኩል በርበሬና ኮረሪማ፣ በወዲህ በኩል የተፈታታ ሬዲዮ፣ ያበጠ የሞባይል ባትሪ፣ አንደበቱ የተዘጋ ስፒከር። የእትዬ ዘሊካ በርበሬ ንግሥቴን ያስነጥሳታል፤ የንግሥቴ የሊድ ጭስ እትዬ ዘሊካን ያስላታል። እንዲህ ሲመራረቁ ስምንት ዓመት ኖረዋል።

ወሬው ለሰሚው ጨዋታ ነው። ለንግሥቴ ግን ጨዋታ ሆኖ አያውቅም፤ ድንጋዩን የሰበረው አባቷ ነውና።

የሚካኤል ደወል በዚያ ዘመን ድንጋይ ነበረ፤ ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ከወይራ ቅርንጫፍ በጠፍር የተንጠለጠለ። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ከሜዳው ወደ ጉብታው ሲዛወር አራት ጎረምሶች ተሸከሙት። አዲሱ ቅጥር በር ላይ ሲደርሱ ሦስቱ «አውርደን እንረፍ» አሉ። ቢተው ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዕረፍት ሽንፈት የሚመስልበት ዕድሜ። «እናንተ ዕረፉ፣ እኔ አስገባዋለሁ» አለና ብቻውን ትከሻው ላይ አደረገው። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ሣሩን ውርጭ መትቶታል። ደፉን ሊሻገር አንድ እርምጃ ሲቀረው እግሩ ተንሸራተተ። ድንጋዩ ወድቆ ለሦስት ተከፈለ።

አንድ ሽማግሌ «የሚካኤልን አንደበት ሰበርከው» አሉት። ቢተውም ደሙ ፈላ። እዚያው በሕዝብ ፊት፣ «የድንጋዩ ድምፅ ሳይመለስ ይህን በር ብሻገር እኔ ቢተው አይደለሁም» ብሎ ማለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌው ሞቱ፤ በድንጋዩ ፈንታ የአይሱዙ ቸርኬ ተሰቀለ፤ ሰዉም በቸርኬ መጠራትን ለመደ። መሐላው ግን እንደ ቆመ ቀረ። የንስሐ አባቱ ቄስ ክንፈ ስንት ጊዜ «ና ልፍታህ» ብለው ለምነውታል።

«አንቱ የሚፈቱት ለእግዜር የገባሁትን ነው» ይላቸዋል። «እኔ የማልሁት ለድንጋዩ ነው።»

በሃይማኖት ሰው ፊት የሚቆም መልስ አይደለም፤ ኩራቱ ግን አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም። ያንኑ ኩራት ሳይሸርፍ ለልጁ አውርሷል።

ቢተው ቤተ ክርስቲያንን ከውጭ ተሳለመ፤ ልጆቹ ክርስትና ሲነሡ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ ግንባሩን የሚያስነካባት የአጥር ድንጋይ በዘመናት ብዛት ለሰለሰች። ይህም ተለምዶ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ሚስቱ በዛች ሞተች፤ የተቀበረችውም ከቅጥሩ ውስጥ ነው። አፈር የሚመለስበት ሰዓት ሲደርስ ቢተው ከበሩ ውጭ ጎንበስ አለና አንድ እፍኝ አፈር ዘገነ። በንግሥቴ መዳፍ ላይ አድርጎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«የኔን አንቺ ጣዪልኝ» አላት።

ከበሩ እስከ መቃብሩ አርባ እርምጃ ነው፤ ቆጥራዋለች። ስትደርስ አፈሩ ከላቧ ጋር ተላቁጦ አልወርድ አላት። ባራገፈችው ቁጥር መዳፏ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሰው እያየ ነው። በመጨረሻ በቀሚሷ ጠረገችው።

ከዚያ ወዲህ ያ መዳፍ ሌላ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ የራሷ አይመስላትም። ስለዚህ አንድ ጉም የበዛበት ጧት እትዬ ዘሊካ ወሬዋን ስትጀምር ንግሥቴ እንደ ወትሮው አልተነኮሰቻትም።

«ቆላ ወርዶ ከሆነ እኔ አወጣዋለሁ» አለች።

«በምን?»

«በሽቦ።»

«አላህ ይሁንሽ» አለች እትዬ ዘሊካና በርበሬዋን መመዘን ያዘች።

ድምፁን ላውጣበት ብላ የያዘችው ሳጥን ንብ እምቢ ያለው ቀፎ ነው። ቢተው አንድ ጊዜ በተስፋ ያመጣው ዘመናዊ ቀፎ ነበር፤ ንብ ሦስት ጊዜ ገብታ ሦስት ጊዜ ጥላው ሄዳለች። ንግሥቴ ሆዱን ከሞቱ ሬዲዮኖች በነቀለቻቸው ኮንደንሰሮች፣ በድሮ ቴፖች የድምፅ ቁልፎች፣ አንድ ሾፌር ከደሴ በሚያመጣላት ባለ ዐሥራ አራት እግር ቺፖች ሞላችው። ቀፎው መጀመሪያ ነፍስ የዘራ ዕለት እንደ ንብ «ዝዝዝ» አለ። ቢተው ከውጭ ሰምቶ ጭስ ይዞ መጣ።

አስተማሪዎቿ በስልክ ቪዲዮ የምታያቸው፣ ቋንቋቸውን የማታውቀው፣ ፊታቸው የማይታይ ሰዎች ናቸው፤ እጃቸውን ብቻ ነው የምታውቀው። ኔትወርክ በመጣ ጊዜ ታወርዳለች፤ በሄደ ጊዜ ታያለች። «ማን አስተማረሽ?» ብሎ ለሚጠይቃት ሰው መልሷ አንድ ነው፤ «ያቃጠልኩት ዕቃ።»

በቀፎው ፊት ላይ አርባ ስምንት ብሎኖች በስድስት ረድፍ ተተክለዋል። ከላዮቹ ሦስት ረድፎች ድምፅ ይወጣል፤ በታቾቹ ሦስት ይገባል። የላዮቹን አውጪ፣ የታቾቹን ተቀባይ አለቻቸው፤ የሠርግ ዘፈን እንደዚያ አይደል፣ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሽቦዎቹ በሁለቱም ጫፍ ብሎን የሚነክስ መቆንጠጫ አላቸው። የትኛው የት እንደሄደ እንዳይምታታባት የእናቷን የጥልፍ ክር በየሽቦው ላይ አሰረች፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ የሽምብራ አበባ የመሰለ፣ በዛች ጀምራ ያልጨረሰችው አረንጓዴ።

ነገሩ ሁሉ ያለው ማን ያውጣ፣ ማን ይቀበል በሚለው ላይ ነው። አንዱ አውጪ ከአንዱ ተቀባይ ጋር ሲጣመር ወፍ ይሆናል፤ ሽቦውን አንድ ብሎን ዝቅ ሲያደርጉት ያው ወፍ የተነቀነቀ ቆርቆሮ ይሆናል። ጥምረቱን ሁሉ ጋብቻ እያለች በካሬ ደብተር ትመዘግበው ጀመር። «ጋብቻ ሠላሳ ሦስት፤ ቀዩ ክር ከሦስተኛው አውጪ ወደ ዘጠነኛው ተቀባይ። ይነፋረቃል። ፍቺ።» «ጋብቻ አርባ አንድ፤ ሁለቱ ይደማመጣሉ፣ ሦስተኛው ጣልቃ ይገባል። ሦስተኛው አማት ነው። ፍቺ።»

ነገር ግን እሷ ያን ድንጋይ በጆሮዋ ሰምታው አታውቅም፤ ከመወለዷ ሃያ ዓመት በፊት ዝም ብሏል። አባቷን እንዳትጠይቅ ያንን ወሬ ሲሰማ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ነው። ቄስ ክንፈ ዘንድ ሄደች።

ቄስ ክንፈ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ያዙ። «የመሐላው ቃል "ድምፁ ሳይመለስ" ነው የሚለው?»

«አዎ አባ።»

«ድንጋዩ ሳይመለስ አይልም።»

«አይልም።»

«እንግዲያው የሰማ ሰው "እሱ ነው" ብሎ ይመስክር። ያኔ አባትሽ ምን ምክንያት ይኖረዋል?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩ በሽማግሎቹ መካከል ተነሣ። አንዱ እንደ በሬ ቃጭል ነበር አለ። ሌላው፣ የምን ቃጭል፣ እንደ ከበሮ ነው፣ ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው አለ። ሦስተኛው ሁለቱም ያኔ ሕፃናት እንደነበሩ አስታወሳቸው። ሊጣሉ ሲደርሱ ቄስ ክንፈ እጃቸውን አነሡ።

«ጋሽ ዓባይነህ እያሉ የኛ ክርክር ምንድን ነው?»

ሁሉም ወዲያው ተስማሙ። ጋሽ ዓባይነህ ከሁሉም ታላቅ ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን ድመት ምንጣፍ ላይ ስትራመድ ይሰማል ይባላል። በዚያ አገር ታላቅ ባለበት ታናሽ አያስታውስም። ያስታወሰውንም ይረሳዋል።

ንግሥቴ ቀፎዋን ተሸክማ፣ የሞተር ሳይክል ባትሪዋን በፌስታል አንጠልጥላ ወደ ጋሽ ዓባይነህ ቤት መመላለስ ጀመረች። እሳቸው ከግድግዳቸው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እሷ ከፊታቸው ሣር ላይ ትዘረጋለች።

«ጋሼ፣ ድንጋዩ እንዴት ነበር የሚጮኸው?» አለቻቸው በመጀመሪያው ቀን።

«ድንጋይ አይጮኽም። ይጠራል።» ፊታቸውን ወደ ቀፎው መለሱ። «እስኪ ያንቺን አሰሚኝ።»

አሰማቻቸው።

«እሱ ብረት ነው።»

ሁለት ሽቦ ነቅላ አዛወረች።

«እሱ ውኃ የገባበት ቅል ነው።»

ሌላ ነቀለች።

«ይኸ ደግሞ ሰው ነው። ማን ነው የሚያቃስተው?»

«ማንም አይደለም ጋሼ፣ ኮንደንሰር ነው።»

«ይማረው» አሉ ጋሽ ዓባይነህ ከልባቸው።

ለጌታ ያልተንበረከከች ምላስ ለእሳቸው ተገዛች። በሱቋ ደንበኛ ሁለቴ ከጠየቃት ስልኩን ፈትታ ክፍልፋዩን የምታስታቅፈው ንግሥቴ፣ እዚህ «እሺ ጋሼ» እያለች መቶ ጊዜ ትነቅላለች፣ መቶ ጊዜ ታጋባለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ነገሯት።

«ድንጋይ ሲመታ መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ነው የሚናገረው። ያንቺው ሳይደነግጥ ይናገራል፤ ሐሰተኛ ምስክር ይመስላል።»

ይህን እስከ ቤቷ ድረስ እየደጋገመችው ሄደች። በማግሥቱ ጣቢያ ከጠፋበት ሬዲዮ የሚወጣውን ሹሹታ ወስዳ ቅንጣት ብቻ አስቀደመችው፤ ከዚያ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ዝምታ፤ ከዚያ ድምፁ። ጋሽ ዓባይነህ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ደነገጠ። አጨራረሱ ግን አይደለም።»

«አጨራረሱ ምን ሆነ ጋሼ?»

«ይሞታል። ያ ድንጋይ አይሞትም። ይርቃል።»

የማይሞት፣ የሚርቅ። ንግሥቴ በዚህ ቃል ላይ ሦስት ሳምንት ተሰቀለች። ሽቦ ጨመረች። አውጪውን ሁሉ ከተቀባዩ ሁሉ አጋባች፤ የቀፎው ፊት ፀጉሯን ያላበጠረች ሴት መሰለ። ድምፁ ወፈረ፣ ከበደ፣ በመጨረሻም እንደ ደከመ ሰው ቁጭ ይላል። ጋብቻ መቶ ዐሥራ ሰባት፤ ፍቺ። መቶ ዐሥራ ስምንት፤ ፍቺ። ያሰበችበት ኅዳር ሚካኤል እየደረሰ ነው።

አንድ ጧት መዶሻ ይዛ ወደ ገደሉ ሄደች። ጉም ነበር፤ ከዓባይ ወዲህና ወዲያ ያለው ሁሉ ተወስዶ ዓለም ከእግሯ ሥር ያለችው የሣር ንጣፍ ብቻ ሆና ነበር። የአስታው ቁጥቋጦ ከጉሙ ብቅ ይልና መልሶ ይሟሟል። ያገኘችውን ድንጋይ ሁሉ እየመታች ሄደች። «ጭ» ይላል አንዱ። «ድፍ» ይላል ሌላው። ከታች፣ ከማይታየው፣ አንዳንዴ የሚመልስላት ያለ ይመስላታል፤ እሷ ግን ለእትዬ ዘሊካ ወሬ እጇን የምትሰጥ ሰው አይደለችምና ጆሮ አልሰጠችውም። ትንሽ ብቻ ሰጠችው።

አንድ ሳንቃ የመሰለ ቀጭን ድንጋይ አገኘች። መታችው። ዝም። ደግማ መታችው። ዝም።

«መሬት ነክቶ እንዴት ይናገራል» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

አባቷ ነው። ጋቢው በጉም ርሶ፣ ትከሻው ላይ መጫኛ ጣል አድርጎ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደተከተላት እግዜር ይወቅ። ቢተው ተንበረከከና ድንጋዩን ከሁለት ቦታ በመጫኛው አሰረው፤ ከወፍራሙ አስታ ላይ አንጠለጠለው።  መሬቱን ሲለቅ ድንጋዩ አንድ ጊዜ ዞረና ረጋ።

«አሁን ምቺው።»

መታችው። ድንጋዩ ደነገጠ፤ ከዚያ ተናገረ። ድምፁ ከእነሱ ወጣና ወደ ጉሙ ገባ፤ ሲሄድ ይሰማል፣ እየሄደ ይሰማል፣ የት ላይ እንዳበቃ ልትለይ ብትሞክር ዳርቻ አጣችለት። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ቆላው አድርገው ቆሙ።

«የሚናገር ድንጋይ ከሁለት ጠፍር በቀር ምንም የማይነካው ነው» አለ ቢተው።

«አባዬ፣ ያኛው እንዴት ነበር?»

«እኔን አትጠይቂኝ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

መጫኛውን እየፈታ መለሰላት። «እኔ ዘንድ የቀረው ሲሰበር ያሰማው ነው። እሱ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖታል።»

ንግሥቴ ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ከቀፎው ፊት ተቀመጠችና መንቀል ጀመረች። ሐምራዊውን ነቀለች። የሽምብራ አበባውን ነቀለች። ስትነቅል ቀፎው እያንዳንዱን ሸክም ሲያወርድ የሚተነፍስ ይመስላል። ለካ ሁሉን ከሁሉ ጋር አስራ፣ መሬት ላይ አጋድማ ነበር ተናገር የምትለው። በመጨረሻ ሁለት ሽቦ ቀረ፤ የእናቷ ቀይና ያልተጨረሰው አረንጓዴ። ሁለተኛውን ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር አጥብቃ ያሰረችበትን የድምፅ ቁልፍ አላልታ እንዲሁ ጎን ለጎን እንዲንሳፈፉ ተወቻቸው። ነካችው።

ድምፁ ደነገጠ፣ ተናገረ፣ ራቀ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ የሚቆም አልመሰለም።

በደብተሩ ላይ ጻፈች። «ጋብቻ መቶ ሠላሳ። ሁለት ክር ብቻ።» ፍቺ የሚለውን ሳትጽፍ ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሽ ዓባይነህ በማግሥቱ ሲሰሙት «ድገሚው» አሉ። ደግማ አሰማቻቸው። ዓይናቸው ብርሃን ባይኖረውም እንባ ነበረው።

«እናቴ ትከሻዬን ይዛ፣ "ተነሥ፣ ተደውሏል" ትለኛለች» አሉ። «ትንሽ ልጅ ነኝ። ውርጭ ነው። መነሣት አልወድም።» ከዚያ ደረቅ እጃቸውን ዘርግተው የቀፎውን ክዳን እንደ ጥጃ ግንባር ደባበሱት። «እሱ ነው። ጨርሰሻል፣ ልጄ። ከእንግዲህ አንድም ሽቦ እንዳትነኪ።»

ኅዳር ዐሥራ ሁለት ጧት ቀፎው ከቅጥሩ በር ፊት፣ ድንጋዩ በወደቀባት ቦታ ላይ ተቀመጠ። ንግሥቴ ከጎኑ የወይራ ሳንቃ ገጥማለት ነበር፤ ከሳንቃው ሥር ከማንቂያ ሰዓት ያወጣቻት ጩኸት ሰሚ ሳህን አለች፣ ሳንቃው በዱላ ሲመታ ቀፎውን የምትቀሰቅስ። ሽቦው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሄዳል። ሕዝቡ በነጭ ተጎናጽፎ ሞልቷል። እትዬ ዘሊካ ከመንገዱ ማዶ በሻሿ አፏን ሸፍና ቆማለች።

ቢተው እዚያች ለስላሳ ድንጋዩ አጠገብ ነበር። ዐሥር ጊዜ ሊሄድ ዐሥር ጊዜ ተመልሷል። ቄስ ክንፈ የሚመታበትን ዱላ አቀበሉት።

«የጣልከው አንተ ነህ፣ አንሣው» አሉት።

ቢተው ልጁን አያት። ከዚያ መታ።

ድምፁ በሕዝቡ ላይ ወጣ፤ ከቅጥሩ ወይራዎች ላይ የነበሩት ርግቦች ተነሡ። ሁሉም ወደ ጋሽ ዓባይነህ ዞረ። እሳቸው በመቋሚያቸው ተደግፈው ፊታቸውን ቀና አድርገዋል።

«እሱ ነው» አሉ።

«እሳቸው ካሉ እሱ ነው» አለ የበሬ ቃጭሉ ሽማግሌ። «እኔስ መጀመሪያም እንዲህ አላልኩም?» አለ ባለ ከበሮው።

ንግሥቴ አልሰማቻቸውም። የቀዩ ክር መቆንጠጫ ከብሎኑ ላይ ሲላቀቅ አይታለች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ይዛ ከብሎኑ ጋር ጨመቀችው፤ በዚያው በእፍኝ አፈሩ መዳፍ። ብትለቅ ድምፁ ይቆረጣል፤ ቢቆረጥ አባቷ እግሩን ይመልሳል፣ ታውቀዋለች። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ጫማውን ሲያወልቅ ሰማች። ባዶ እግሩ ከፊቷ ቆመ፤ ተሰነጣጥቆ የአጥር ድንጋይ የመሰለ እግር። ደፉን ነካ። ተሻገረ።

«አባ፣ ይምቱልኝ፣ ደግመው ይምቱልኝ» አለች ለቄስ ክንፈ ቀስ ብላ።

ቄስ ክንፈ መቱ። ንግሥቴ አጎንብሳ በድምፁ መራቅ እርምጃውን ቆጠረች። ዐሥር። ሃያ። ድምፁ ሊሳሳ ሲል እንደገና ተመታ። ሠላሳ። መቆንጠጫው መዳፏን ነክሶ ደም አወጣ፤ አልለቀቀችም። አርባ። ከዚያ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አፈር ሲዘግን፣ አፈሩም በሣር ላይ ሲፈስ የሰማች መሰላት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እንዲህ ያለ ነገር አይሰማም። እሷ ግን ሰምታዋለች።

ቸርኬው ወርዶ ዕቃ ቤት ገባ። ቀፎው ከበሩ አጠገብ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ተሠራለት፤ መቺው ቢተው ሆነ። ጧት ጧት ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል፤ በዛች መቃብር ላይ የተከላት ጤና አዳም ሰው እስኪሰርቃት ድረስ አደገች። ጉም ደጋግሞ መጣ። እትዬ ዘሊካ ጆንያዋን እየጠቀለለች ዝም ትላለች።

«ወሬሽ የት ሄደ እትዬ?» አለቻት ንግሥቴ አንድ ቀን።

«ገባ እኮ» አለች እትዬ ዘሊካ። «የገባን ሰው ውጭ ነው ብዬ ላውራ?»

በመጋቢት ጋሽ ዓባይነህ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ሞቱ። የቀብራቸው ዕለት እትዬ ዘሊካና ንግሥቴ ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ግንድ ላይ ተቀምጠው ለቀስተኛውን ያያሉ። አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው እያለቀሰ ወረደ፤ አቧራ የለበሱ፣ ንግሥቴ አንዳቸውንም የማታውቃቸው ሰዎች።

«እነዚህ ደግሞ ከየት ናቸው?»

«ከወግዲ። የጋሽ ዓባይነህ የወንድም ልጆች ናቸው፤ አገራቸው አይደል።»

«እኔ ጋሼ የዚሁ ሰው ይመስሉኝ ነበር።»

«ይኸን ያህል ዘመን የኖረ ሰው የዚሁ ነው እንጂ።»

ከውስጥ ቢተው መታ። አስከሬኑን የያዙት ሰዎች ደፉ ላይ ቆም አሉ። ድምፁ ከነሱ በላይ አልፎ ወደ ገደሉ አቅጣጫ ራቀ። ንግሥቴ እንደ ሁልጊዜው ዳርቻውን እስክታጣው ድረስ ተከተለችው።

«እትዬ፣ አንቺ ከዚህ አጥር ሥር ነው ያደግሽው። እውነቱን ንገሪኝ። ያ ድንጋይ ይህን ይመስል ነበር?»

እትዬ ዘሊካ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ የድሮውን ድምፅ ሊያወጣ እንደተነሣ ሁሉ ተንቀሳቀሰና ተወው። «ኅዳር ላይ ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር። አሁን የድሮውን ላስታውስ ስል ያንቺው ነው የሚመጣብኝ።»

«ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ሽማግሌ "እሱ ነው" ካሉ በኋላ የበርበሬ ነጋዴ ምን ብላ ትናገራለች?»

«ለነገሩ ጋሼ በደንብ ሰምተውታል» አለች ንግሥቴ፣ ከግንዱ ላይ ልትነሣ ቀሚሷን እያራገፈች። «ልጅ ሆነው እናታቸው በሱ ነበር የሚቀሰቅሷቸው።»

«እናታቸውማ ወግዲን ለቀው አያውቁም» አለች እትዬ ዘሊካ። «ድንጋዩ የወደቀው በኅዳር ነው። ጋሽ ዓባይነህ ሚስታቸውን በበቅሎ ጭነው እዚህ የመጡት በሚቀጥለው ግንቦት። ማደሪያ የሰጣቸው አባቴ ነው።»